ዋና ለማይችል ቤተሰብ የሙሉ ቀን ራፍቲንግ፦ ከኒው ሪቨር የትኛው ክፍል ይሻላል?

የቀረበልኝ ጥያቄ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ይኖራሉ። በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ከባለቤታቸው፣ ከ14 ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ ከ8 ዓመት ሴት ልጃቸውና ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው ከመጡት የ63 ዓመት እናታቸው ጋር ወደ ዌስት ቨርጂኒያ ሄደው በኒው ሪቨር ላይ በመሪ የሚካሄድ የሙሉ ቀን የራፍቲንግ፣ ማለትም በጎማ ጀልባ ፈጣን ወንዝ የመውረድ፣ ጉዞ ለማድረግ አስበዋል። ከወንድ ልጃቸው በቀር ዋና የሚችል የለም። እሱ ደግሞ ጓደኞቹ የሄዱበት የታችኛው ክፍል ካልሆነ አልሄድም ብሏል። «ዋና ሳንችል መሄዳችን ድፍረት ነው ወይስ እብደት? የትኛውንስ ክፍል እንምረጥ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

በዚያ ወንዝ ላይ ለዓመታት ጀልባ የመራሁ ሰው እንደመሆኔ መልሴን ከውሳኔው ልጀምር። መሄድ ትችላላችሁ፤ ነገር ግን አምስታችሁም በአንድ ጀልባ የምትሳፈሩ ከሆነ ክፍሉ የግድ የላይኛው መሆን አለበት። ይህን የሚወስነው የወንድ ልጅዎ ጉጉት ሳይሆን የሴት ልጅዎ ዕድሜና የእናትዎ ጉልበት ነው። ወንዝ የሚመረጠው በጀልባው ውስጥ ካሉት ሁሉ አቅሙ አነስተኛ በሆነው ሰው ልክ ነው፤ ከዚህ ያፈነገጠ ቤተሰብ አንዱን ለማስደሰት ሲል ሌላውን ቀኑን ሙሉ በፍርሃት ሲያንቀጠቅጥ አይቻለሁ።

ኒው ሪቨር ከሰሜን ካሮላይና ተራሮች ተነስቶ፣ ቨርጂኒያን አቋርጦ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ጥልቅ ገደል ውስጥ የሚያልፍ ትልቅ ወንዝ ነው። ገደሉ እ.ኤ.አ. በ1978 በፌዴራል ጥበቃ ሥር የገባ ሲሆን በ2020 መጨረሻ ብሔራዊ ፓርክ ተብሏል። ወንዙ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ «የላይኛው» የሚባለው ክፍል በካርታ ላይ ከታች፣ «የታችኛው» ደግሞ ከላይ ስለሚታይ፣ ቀጠሮ ሲይዙ ካርታውን ብቻ አይተው እንዳይሳሳቱ ክፍሉን በስሙ ይጥቀሱ። ወንዙ በድንጋይ መካከል እየተዋከበና አረፋ እየደፈቀ የሚወርድባቸው ስፍራዎች በሙያው ቋንቋ ራፒድ ይባላሉ፤ አስቸጋሪነታቸውም ከ1 እስከ 6 ባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ይለካል። የላይኛው ክፍል በአብዛኛው ከ1 እስከ 3 ነው፤ ሰፊ ውሃ፣ በራፒዶቹ መካከል ረጅም ጸጥታ፣ ሰው ቢወድቅ ተረጋግቶ ለመሰብሰብ በቂ ቦታ አለው። የታችኛው ክፍል ከኩናርድ ተነስቶ እስከ ፌየት ስቴሽን የሚወርደው ነው፤ እዚያ ኪኒ የሚባሉት ሦስት ራፒዶች ተከታትለው ይመጣሉ፣ ደብል ዚ የሚባልም አለ፣ ደረጃውም ከ3 እስከ 4፣ ውሃው በሚሞላበት ጊዜ ደግሞ እስከ 5 ይደርሳል። ድርጅቶቹ ለላይኛው ክፍል በአብዛኛው ከ6 ዓመት ጀምሮ፣ ለታችኛው ከ12 ዓመት ጀምሮ ይቀበላሉ። ስለዚህ የ8 ዓመቷ ልጅዎ ጉዳይ በክርክር የሚፈታ ሳይሆን አስቀድሞ የተፈታ ነው። «ግድ የለም፣ እንወስዳታለን» የሚል ድርጅት ቢያጋጥምዎ ያንን ድርጅት ይተዉት።

የአየሩ ወቅት ለእናንተ ያግዛል። ወንዙ የሚለካው በአንድ ሴኮንድ በሚያልፈው ኪዩቢክ ጫማ ውሃ ነው፤ አንዱ ኪዩቢክ ጫማ ከ28 ሊትር ትንሽ ይበልጣል። በስፕሪንግ ወራት ልኬቱ 10,000 አልፎ መሄዱ የተለመደ ሲሆን፣ በኦገስት ብዙ ጊዜ ወደ 2,000 አካባቢ ይወርዳል። ይህ እንኳ በየሴኮንዱ ወደ 57 ሺህ ሊትር ማለት ስለሆነ «ወንዙ ትንሽ ነው» ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ሞገዱ ዝቅ ይላል፣ ውሃው ይሞቃል፣ ለመሪውም ስህተትን ለማረም ጊዜ ይሰጠዋል። ይሁን እንጂ በላይኛው አገር ከባድ ዝናብ ከዘነበ ወንዙ በአንድ ሌሊት መልኩን ይለውጣል። እዚህ ላይ የክረምት ወንዝ አይቶ ላደገ ሰው የምጨምረው ብዙ የለም፤ እናትዎ «ወንዝ» ሲባሉ የሚታያቸው ድንገት የሚደርስ ሙላት ቢሆን አይፈረድባቸውም። ጉዞው ሁለት ቀን ሲቀረው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የተባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወንዙ ዳር ባለችው ተርመንድ ያለውን የወንዝ መለኪያ በኢንተርኔት ያሳያልና ይመልከቱት፤ ከዚያ ለድርጅቱ ደውለው «በዚህ ልኬት የ8 ዓመት ልጅ ትወስዳላችሁ? ወሰናችሁስ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። በቁጥር የሚመልስልዎ ሰው ሥራውን ያውቃል። «አይጨነቁ፣ ደስ ይላችኋል» ብቻ የሚልዎ ሻጭ ነው።

ወደ ዋናው ስጋት ልምጣ። በራፍቲንግ ዋና መቻል ይጠቅማል፤ በተለይ ውሃ ፊቱን ሲመታው የማይደነግጥ ሰው ትንፋሹን ይቆጣጠራል። በላይኛው ኒው ግን ሰውን የሚያንሳፍፈው የዋና ችሎታው ሳይሆን የለበሰው ላይፍ ጃኬት ነው። አንድ አዋቂ ሰው ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ እንዲቆይ በአብዛኛው የሚያስፈልገው ተጨማሪ ተንሳፋፊነት ከ7 እስከ 12 ፓውንድ ብቻ ሲሆን፣ ለጉዞው የሚሰጣችሁ ጃኬት ቢያንስ 15.5 ፓውንድ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይይዛል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው ጃኬቱ በሰውነት ላይ ከጠበቀ ነው። መሪው ጃኬታችሁን በትከሻው ማሰሪያ ይዞ ሽቅብ ይጎትተዋል፤ ጃኬቱ እስከ ጆሮ ከወጣ ልቅ ነው። ለልጅዎ ይህን ፍተሻ ራስዎ ደግመው ያድርጉ፤ የልጅ ጃኬት በክብደት የሚመረጥ ስለሆነም ኪሎዋን በትክክል ይናገሩ። ደግሞም ምሳ ሲበላ ሁሉም ሰው ማሰሪያውን ያላላል። ከምሳ በኋላ እንደገና ማጥበቅን የሚያስታውሰው ግን ጥቂቱ ነው፤ እኔ ከሁሉም ይልቅ የምፈራው ይህን ሰዓት ነው።

ዋና የሚችሉትንም የማይችሉትንም እኩል የሚገድለው ስህተት ሌላ ነው፤ እሱም በሚፈስ ውሃ ውስጥ ለመቆም መሞከር ነው። የሰው ደመ ነፍስ መሬት ሲነካ ቁም ይለዋል። የወንዙ ወለል ግን ደረጃ የሌለው የድንጋይ ክምር ነው፤ እግር በሁለት ድንጋይ መካከል ከገባ ውሃው ከኋላ ገፍቶ ሰውዬውን በፊቱ ይደፋዋል፤ ጃኬትም ቢለብስ ቀና ማለት አይችልም። የውሃው ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ጉልበት የደረሰ ውሃ ጠንካራ ሰውን ለማስጎንበስ ይበቃል። በመጀመሪያው የሥራ ዘመኔ፣ ቤተሰብ ይዤ ስወርድ፣ አንድ አያት ባርኔጣቸው ወድቆ ጉልበት በማይሞላ ውሃ ውስጥ ተነሥተው ቆሙ። እግራቸው ተጠመደ። ሌላው መሪ ከላይ ወርዶ እጃቸውን ይዞ እስኪደግፋቸውና እስክናላቅቃቸው ያለፈው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ የሚበልጥ አልነበረም፤ እኔ ግን እስከዛሬ አልረሳሁትም። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም፤ ጠዋት ማብራሪያ ስሰጥ ስለ ትልልቆቹ ራፒዶች ብዙ ተናግሬ፣ ስለዚያ እያሳሳቀ ስለሚወስድ ጥልቀት የሌለው ውሃ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌው ነበር።

ስለዚህ ለቤተሰብዎ ቤት ሳሉ የሚያስተምሩት ነገር ይህ ይሁን፤ ከጀልባ የወደቀ ሰው በጀርባው ይንጋለላል፣ እግሩን ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ዘርግቶ የእግር ጣቶቹን ጫፍ ከውሃ በላይ ያወጣል፣ ጀልባውና መሪው እስኪደርሱለት እንዲሁ ይንሳፈፋል፤ መቆም የሚፈቀደው ውሃው ጸጥ ብሎ ዳር ሲደርስ ብቻ ነው። ገመድ ከተወረወረለት ገመዱን ይይዛል እንጂ ገመዱ የገባበትን ከረጢት አይይዝም፤ በእጁም ላይ አይጠመጥመውም። የወደቀውን የሚያነሣው ሰው ደግሞ እጁን ሳይሆን የጃኬቱን የትከሻ ማሰሪያ ይዞ ወደ ኋላ ተደግፎ ይጎትታል። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ተኝተው ቢለማመዱት ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ፣ ሰውነታቸው ግን ያስታውሰዋል።

አሁን ከብዙ አስጎብኚዎች የማይሰሙትን ልናገር። የእናትዎ ትልቁ ችግር ዕድሜያቸው ላይሆን ይችላል፤ ቋንቋው ነው። መሪው በራፒድ መካከል የሚጮኸው በእንግሊዝኛ ነው፤ «ፎርዋርድ» ሲል ወደፊት መቅዘፍ፣ «ባክ» ሲል ወደኋላ መቅዘፍ፣ «ስቶፕ» ሲል ማቆም፣ «ሊን ኢን» ሲል ወደ ጀልባው መሃል መደገፍ፣ «ጌት ዳውን» ሲል ወለሉ ላይ መውረድና የጀልባውን ገመድ መጨበጥ ማለቱ ነው። ከእነዚህ ሁሉ እናትዎ በደንብ ሊያውቋቸው የሚገቡት የመጨረሻዎቹ ሁለት ናቸው። ትርጉሙን በዚያ ሰዓት ልጅ ይንገራቸው ብለው አይተማመኑ፤ የውሃው ድምፅ አያሰማም፤ ትርጉሙ እስኪደርስም ሞገዱ አልፏል። ቀደም ብለው አምስቱን ቃላት ያስጠኗቸው፤ በጉዞው ላይም እርስዎ አጠገባቸው ይቀመጡ። ለመሪው ደግሞ ጠዋት «እናቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም፣ ዋናም አይችሉም» ብለው በግልጽ ይንገሩት። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መሪው የመቀመጫ ቦታቸውን የሚመርጠው በዚህ ነው። የልብ፣ የደም ግፊት ወይም የጉልበት ችግር ወይም በቅርብ የተደረገላቸው ቀዶ ጥገና ካለ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ አይሂዱ፤ ከጀልባ ወድቆ ተጎትቶ መግባትን የሚችል ሰውነት ያስፈልጋል። የማይሆን ከሆነም ቀኑ አይባክንባቸውም። ገደሉን ከላይ የሚያሳዩ የፓርኩ መመልከቻዎች አሉ፤ በተርመንድ ከተማ ወንዝ ዳር የቆመው አሮጌው ባቡር ጣቢያም እንዲሁ ያምራል። ተርመንድ በድንጋይ ከሰል ዘመን ሀብታም የነበረች፣ በ2020 ቆጠራ ግን 5 ነዋሪ ብቻ የተገኘባት ከተማ ናት።

ባለቤትዎ «ፈረንጆች ኦሞን እንኳ በጎማ ጀልባ ወርደውታል» ብለው ማደፋፈራቸውን ጽፈዋል። እውነት ነው፤ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1973 ኦሞን ወርደውታል። ያ ግን ጉማሬና አዞ ባለበት፣ ማንም የማያውቀው ገደል ውስጥ፣ ልምድ ያላቸው ሰዎች ያደረጉት ጉዞ ነው፤ ለ8 ዓመት ልጅ ምሳሌ አይሆንም።

ስለ አለባበስ በአጭሩ። ጂንስና ሌላ የጥጥ ልብስ አይልበሱ፤ ጥጥ ውሃ ይዞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል። በኦገስት የወንዙ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ70 ፋረንሃይት በላይ ስለሚሆን ዌትሱት የሚባለው ሙቀት የሚጠብቅ የውሃ ልብስ ላያስፈልጋችሁ ይችላል፤ እኛ የምንጠቀምበት ግምት የአየሩና የውሃው ሙቀት ተደምሮ ከ120 ፋረንሃይት በታች ከሆነ ዌትሱት ይለበሳል የሚል ነው። እናትዎ ቀሚስ ማውለቅ ካልፈለጉ ረጅሙን በቤት ትተው አጭር ቀሚስ ከሥሩ ከሚለበስ ጠባብ ሱሪ ጋር ይልበሱ፤ ውሃ ውስጥ የሚንዘረፈፍ ልብስ እግር ያስራል። ማተብ ከሸሚዝ ሥር ገብቶ በጃኬቱ ይሸፈን። የወርቅ ጌጥ በምታድሩበት ቤት ይቅር። የሴት ልጅዎ ፀጉር ከሥር ጠፍጣፋ ሆኖ ይሠራ፤ ላይ የተቋጠረ ፀጉር ሄልሜቱን ከፍ አድርጎ ግንባሯን ያጋልጣል። ጫማው ከኋላ የሚታሰር ይሁን፤ ነጠላ ጫማ በመጀመሪያው ሞገድ ይሄዳል። መነጽር የሚያደርግ ሰው ማሰሪያ ይዞ ይምጣ። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ፣ ነገር ግን የጭናችሁን ጀርባ አትቀቡ፤ የጀልባው ጠርዝ ላይ ስትቀመጡ ያንሸራትታችኋል።

የቀኑ አካሄድ ከባድ አይደለም። ጠዋት ተገናኝታችሁ የኃላፊነት ቅጹን ትፈርማላችሁ። ለልጆቹ የምትፈርሙት እናንተ ስለሆናችሁ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ ቅጹ የጉዞውን አደጋ እንደምታውቁ የምታረጋግጡበት ነው። ከዚያ ዕቃ ትረከባላችሁ፣ በአውቶቡስ ትሄዳላችሁ፣ ወንዝ ዳር ማብራሪያ ይሰጣችኋል። ወንዙ ላይ የምትውሉት ምሳን ጨምሮ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ጉዟችሁ ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለሚገጥም ምሳውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት፤ «የጾም» ከማለት ይልቅ ሥጋ፣ ወተት፣ አይብና እንቁላል የሌለበት ብሎ መዘርዘር ይሻላል። እስከ ቅዳሴ ማብቂያ የሚጾሙ ካሉ ግን በግልጽ ልናገር፤ ባዶ ሆድ ይዞ ለሰዓታት በፀሐይና በውሃ ውስጥ መቅዘፍ አልመክርም። ጉዞውን ከኦገስት 22 በኋላ ማዛወር ቢችሉ ሁሉም ይቀልላችኋል።

በጀልባው ላይ ከሚደርሱት ጉዳቶች ብዙዎቹ ከመስጠም ጋር አይገናኙም። የመቅዘፊያው ጫፍ የጎረቤትን ጥርስ ወይም ከንፈር መምታቱ ነው የሚበዛው። አንዱ እጅ ሁልጊዜ የመቅዘፊያውን እጀታ ጫፍ ሸፍኖ ይያዝ፤ በተለይ ሞገድ ሲመጣ፣ ሰው ደንግጦ የሚለቀው ያኔ ነውና። ለሴት ልጅዎ መቅዘፊያ ባይሰጣት አያሳዝናት፤ መሃል ተቀምጣ ገመድ መያዝ የእሷ ሥራ ነው። እባክዎ ልጅቷ ብትፈራ በ«አይዞሽ፣ ምንም የለም» ብቻ አያልፏት። ወንዙ ላይ አንድ ነገር እንዳለ ታያለች፤ ምንም የለም ካሏት ቀጥሎ የሚነግሯትን አታምንም። «አዎ፣ ሞገድ አለ፤ ሲመጣ እንዲህ እናደርጋለን» ይበሏት። ከመሳፈራችሁ በፊት እምቢ ብትልም እሺ ይበሏት፤ አንዴ ከተነሡ በኋላ ግን ከገደሉ መውጫ መንገድ በየቦታው ስለሌለ ውሳኔው ወንዝ ዳር ያልቅ።

ድርጅት ሲመርጡ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ጀልባችሁ ብቻዋን ትሄዳለች ወይስ ሌሎች ጀልባዎች አብረው ይወርዳሉ? ብቻዋን ከሆነ አልሳፈርም፤ የመጀመሪያው አዳኝ ሁልጊዜ ሌላው ጀልባ ነው። ሁለተኛ፣ የሚመራችሁ ሰው በዚያው ክፍል ስንት ዘመን ሠርቷል? ሦስተኛ፣ ቤተሰቡ በአንድ ጀልባ ይሆናል? ዋጋን የማነሣው ከዚህ በኋላ ነው። አንዳንድ ማስታወቂያ ጎሊ የሚባለውን ጎረቤት ወንዝ አብሮ ይዘረዝራል፤ ጎሊ በመስከረም መግቢያ ገደማ ከሰመርስቪል ግድብ በሚለቀቅ ውሃ የሚወረድ ከባድ ወንዝ ነውና ለእናንተ አይደለም። አምስት ሰዓት ከመንዳትዎ በፊት መሞከር ካማራችሁ ግን ለቤታችሁ ቅርብ በሆነችው ሃርፐርስ ፌሪ አጠገብ የሸናንዶዋ ወንዝ አለ። ደረጃው ከ1 እስከ 3 ነው፤ በኦገስት ውሃው ሲያንስ ጀልባው ድንጋይ ላይ እየተንጠለጠለ ሊያሰለቻችሁ ይችላል፤ ልጅቷ ውሃውን ትወደው እንደሆነ ለማየት ግን ይበቃል።

የወንድ ልጅዎን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት መፍትሔው ቀላል ስለሆነ ነው። በላይኛው ክፍል ለብቻው የሚቀዝፋት በአየር የምትነፋ ትንሽ ካያክ፣ በሙያው አጠራር ደኪ፣ ድርጅቱ እንዲያቀርብለት ይጠይቁ። ትልቁ ጀልባ ላይ ሳቅ የሆነው ሞገድ ደኪ ላይ ሌላ ነገር ነው፤ ከእህቱ ጋር «የሕፃን ወንዝ» ሊሄድ የተቀየመ የ14 ዓመት ልጅ ሁለት ጊዜ ሲገለበጥ ቅያሜውን ይረሳል። ያን ዕለት ማታ ወደ ሜሪላንድ ለመንዳት አይሞክሩ፤ የቀዘፈ ትከሻና የሌሊት መንገድ አይስማሙም፤ በፌየትቪል እደሩ። በማግስቱ አባትና ልጅ ብቻ ከመሪ ጋር የታችኛውን ክፍል ይውረዱ። እርስዎ ከእናትዎና ከልጅዎ ጋር በጠባቡ አሮጌ መንገድ ተጠማዝዛችሁ ወደ ፌየት ስቴሽን ከወረዳችሁ፣ 267 ሜትር ከፍታ ያለው ትልቁ ድልድይ ከራሳችሁ በላይ ሆኖ፣ ከታች ባለው ትንሽ ድልድይ አጠገብ ቆማችሁ የመጨረሻውን ራፒድ ሲያልፉ ታዩአቸዋላችሁ።